ዓርብ የሰጠመችው ጀልባ

በሰቆጣ ክሊኒክ በድሬሰርነት የተመደብሁት በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ነው። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኝ ነበር፤ እኔም ለማረም አልቸኮልሁም። ይህን የምጽፈው ግን ስለ መድኃኒት ለመናገር አይደለም። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ቤተሰብ በመጽሐፍ ምክንያት ሊፈርስ ሲል፣ በዚያው መጽሐፍ ምክንያት እንዴት እንደ ተረፈ ለመናገር ነው።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ከገበያው በላይ ባለው ዳገት አያ ገብረ አምላክን አገኘኋቸው። አያ ገብረ አምላክ በጉልበታቸው ዘመን ከአፋር በረሃ በአበርገሌ በኩል ጨው እያስጫኑ ሲመላለሱ የኖሩ፣ እግራቸው ሲደክም ደግሞ ገበያ ዳር ተቀምጠው አሞሌ የሚሸጡ፣ ኩሩና ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። ያን ቀን ግን ኩታቸው ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ፣ ከዘራቸውን ቤት ረስተው፣ መሮጥ ነበር የቀራቸው።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ገብረ አምላክ?» አልኋቸው።

ሰላምታዬን አልመለሱም። ክንዴን ይዘው ወደ አጥር ጥግ ወሰዱኝና «ዶክተር፣ አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፤ ወሬ ቶሎ ይደርስሃል። ስለ ወልደ ጻድቅ የሰማኸውን ንገረኝ» አሉ።

ወልደ ጻድቅ የበኩር ልጃቸው ነው። ምጽዋ ወርዶ በባሕር ኃይል ከተቀጠረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ከሰኔ ወዲህ ግን ደብዳቤው ቀርቶ ነበር።

«ምንም አልሰማሁም። ደህና ነው» አልሁ።

ፊታቸው አመድ መሰለ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ይህን ጊዜ ነው። በአገራችን መርዶ እንደ ማንኛውም ወሬ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ሞቶ እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ እያወቀ ዝም ይላል፤ ሽማግሎች ተሰብስበው ጎሕ ሲቀድ በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ለባለ ሐዘኑ የሚነገረው «ደህና ነው» የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ ልቡ የፈራ ሰው «ደህና ነው» ሲሉት ይብሱን ይደነግጣል። እኔም በደግነቴ ሰውየውን ገደልኋቸው።

«አንተም ደህና ነው ትላለህ?» አሉ። «እንግዲያው አልቋል።»

«ኧረ እውነቴን ነው! ምን ተፈጠረ?»

ስለ ሚስታቸው ስለ ወለተ ሐናና ስለ ታናሽ ልጃቸው ስለ ታይቱ እያቋረጡ ነገሩኝ። «ዓርብ ታይቱ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። እራት አልበላም አለች። እናትዋ ‹ምን ሆነሻል?› ስትላት ‹ጀልባዋ ሰጠመች› አለች። ‹ማን ነገረሽ?› ስትላት ‹መምህር አሥራተ› አለች። ወለተ ሐና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መሬት ላይ ናት። ልጅቱ ‹እማዬ፣ የመጽሐፍ ነው፣ የጥንት ነው› ብትላት ማን ይመናት? ‹አስጠንተው ልከዋት ነው› አለች እናትዋ። ጎረቤታችን ወለተ ገብርኤል መጥታ ደህና ነው አለች። የንስሐ አባታችንም ደህና ነው አሉ። እሷ እቴ! ትናንትም ዛሬም በማለዳ በሩን ከፍታ መርዶ ነጋሪ ትጠብቃለች። እህል በአፏ አልዞረም።»

«እና አሁን ወዴት እየሄዱ ነው?»

«ወደ መምህሩ ነዋ! ልጄ ሞቶ እንደሆነ ለእኔ ለወንዱ ይንገረኝ። አልሞተም ካለ ደግሞ ያን መጽሐፉን ይዝጋ። ታይቱን እንደሆነ ነገ ደሃና፣ እኅቴ ጥሩሐረግ ዘንድ እሰዳታለሁ። ትምህርት ቤት ከእንግዲህ አትረግጥም።»

ይህን ስሰማ እኔም ፈራሁ። ታይቱ አምስተኛ ክፍል ከደረሱት ጥቂት ሴቶች ልጆች አንዷ ናት፤ ብልህ ልጅ ናት። እኅታቸው ባሉበት መንደር ትምህርት ቤት የለም። ከዚህም በላይ ጥሩሐረግ ለልጅቱ ባል ማየት ከጀመረች ቆይታለች። ደሃና የሄደች እንደሆነ እንደማትመለስ አውቄ አብሬያቸው ሄድሁ።

መምህር አሥራተ ማርያም ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣ ብዙ ያልቆየ፣ ቀጭን፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው። በተከራያት አንዲት ክፍል ደጃፍ ሸሚዙን ሲያጥብ አገኘነው። እጁን አደራርቆ ብድግ አለ።

«ይግቡ አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ጀልባዋ ሰጠመች ያልኸው ምንድን ነው?»

ነገሩን ሁሉ ሲሰማ ወጣቱ ክው አለ። «በእግዚአብሔር ስም! አባቴ፣ ስለ ልጅዎ የሰማሁት ነገር የለም። ለልጆቹ የማነብላቸው ልብ ወለድ ነው። ማሠልጠኛ ሳለሁ ጀምሬ እዚህ የጨረስሁት የራሴ ሥራ ነው። በዐፄ ካሌብ ዘመን ከአዱሊስ ወደብ እህልና የዝሆን ጥርስ ጭና የወጣች ጀልባ ከባሕሩ ውስጥ ካለ አለት ጋር ተጋጭታ ትሰበራለች። የተረፉት ሰዎች ውሃ በሌለባት ደሴት ላይ እንዴት እንደኖሩ ይተርካል።»

«ልብ ወለድ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሰው አስቦ የጻፈው፣ ያልተደረገ ታሪክ።»

«ውሸት በለኛ!»

«አይደለም አባቴ። ዋሾ የፈጠረውን እውነት ነው ብሎ ይምላል። እኔ መጽሐፉን ስከፍት ‹እነዚህ ሰዎች አልነበሩም፤ አዱሊስ ግን ነበረች። ሳንቃቸው በምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፋ ጀልባዎችም ነበሩ። ባሕሩም እስከ ዛሬ አለ› ብዬ ነው የጀመርሁት።»

«ላልነበረ ሰው የነበረ ልጅ ታስለቅሳለህ?»

«እንዲያለቅሱ ብዬ አይደለም። ዓምና የአዱሊስን ታሪክ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስጠናኋቸው። በፈተና ጊዜ አዱሊስ ተራራ ነው ብለው የጻፉ ብዙዎች ነበሩ። ዘንድሮ ከጀልባዋ ጋር ከተሳፈሩ ወዲህ ግን ነፋሱ ከየት ወደየት እንደሚነፍስ፣ የዝሆን ጥርሱ ወዴት እንደሚሸጥ፣ ዓሣ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚተነፍስ እየጠየቁ መውጫ ያሳጡኛል። የሚጠይቅ ልጅ ደግሞ አይረሳም።»

አያ ገብረ አምላክ በንቀት ራሳቸውን ነቀነቁ። «የዋግ ልጅ ባሕርን ምን ያደርገዋል? ተከዜን መሻገር ካወቀ በቂው ነው። ገብስ መዝራቱን፣ ከብት መጠበቁን አስተምርልን።»

«አባቴ፣ የእርስዎ ልጅ ዛሬ የት ነው ያለው?»

ሽማግሌው የተንሸራተተውን ኩታቸውን አስተካከሉ። መምህሩም የተናገረው ቁስል የሚነካ መሆኑ ስለገባው አንገቱን ደፋ። እኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ አያ ገብረ አምላክን አላወቅኋቸውም።

«እሺ» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዓርብ ለምን ጀልባዋ ስትሰጥም አቆምህ? ለምን የተረፉትን አልነገርሃቸውም?»

መምህሩ ፊቱ ቀላ። «ሰኞ ጓጉተው እንዲመጡ ብዬ ነው።»

«አየህ! ለአንተ ሰኞ እንዲመጡልህ ብለህ እናቲቱን ባሕር ውስጥ ትተሃት ሄድህ። ደግሞስ ከመጀመርህ በፊት ከእናንተ መካከል ሰው ባሕር ላይ ያለው አለ ወይ ብለህ ጠየቅህ?»

«አልጠየቅሁም።»

«መጠየቅ አልነበረብህም?»

«ነበረብኝ፣ አባቴ። እዚህ ላይ እርስዎ ልክ ነዎት።»

የተማረ ሰው እንዲህ ሲል ስሰማ ደስ ይለኛል፤ እምብዛም አልሰማውምና። የአያ ገብረ አምላክም ቁጣ ትንሽ ረገብ አለ። እኔም ጊዜው ነው ብዬ ገባሁ። «ወይዘሮ ወለተ ሐና ቃል አያምኑም። መጽሐፉን ይዘን እንሂድና ታይቱ ራስዋ ታንብብላቸው። የድሮ ታሪክ መሆኑን በጆሯቸው ይስሙ» አልሁ። ሽማግሌው እያቅማሙ እሺ አሉ፤ ታይቱን ደሃና መላካቸውን ግን እንዳልተዉት ደጋግመው ነገሩን።

ይህን ምክር ስመክር አንድ ነገር አላሰብሁም። ከደጃፉ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ የመንግሥት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ በብብቱ የያዘ ወጣት ሆነን፣ ሦስታችንም ዝም ብለን፣ ከፊታችንም ጭንቀት ይነበብ ነበር፤ ቁርጥ መርዶ ነጋሪዎች። ወይዘሮ ወለተ ሐና ከውስጥ ሆነው አዩን። ያን ጩኸት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጎረቤት ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ወለተ ገብርኤል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየደቃች መጣች። ሴትዮዋ ሲጨንቃቸው አማርኛውን ትተው በኽምጣንጋ ነው የሚናገሩት፤ የልጃቸውን ስም እየጠሩ መሬቱን ይደበድቡ ጀመር። እኔ ድሬሰሩ ሁለት እጄን አንጠልጥዬ ቆሜ ቀረሁ።

ጸጥታ እስኪሆን ብዙ ፈጀ። ከዚያ ታይቱ ከእናትዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረች። እናትዋ ግድግዳውን ተደግፈው ዐይናቸውን ጨፍነዋል። የጀልባዋ ሰዎች ስም በተጠራ ቁጥር «ስሙን ለውጣችሁት ነው» ይላሉ። ዐፄ ካሌብ ሲባል «ዘመኑንም ለውጣችሁት ነው» አሉ። መምህሩ ተስፋ ቆርጦ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

ጀልባዋ ተሰበረች። የተረፉት ደሴቲቱ ላይ ወጡ። ውሃ የለም። አንደኛው ጥሙን መቋቋም አቅቶት ከባሕሩ ጠጣ፤ ከጠጣ በኋላ ጥሙ ባሰበት።

«ለምን?» አሉ አያ ገብረ አምላክ ሳያስቡት።

«ጨው ስለበዛበት ነው፣ አባቴ» አለ መምህሩ። «ሰውነታችን ያን ጨው በሽንት ለማስወጣት ከጠጣው የበለጠ ውሃ ያወጣል። ስለዚህ ባሕር ላይ የተጠማ ሰው የባሕር ውሃ አይጠጣም።»

ታይቱ ቀጠለች። ከተረፉት መካከል ያለች አንዲት ምግብ አብሳይ የባሕሩን ውሃ በማሰሮ አድርጋ እሳት ላይ ጣደችው። ውሃው ፈላ። እንፋሎቱ ወጣ።

«ወዴት ነው የሚወጣው?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐና።

ሁላችንም ዞር አልን። ዐይናቸውን ገልጠዋል።

«እንፋሎቱን እንዲሁ ትለቀዋለች? አፉን በጭቃ መርጋ መቃ አትሰካበትም? መቃውን ወደ ሌላ ዕቃ ብታወርደው፣ ዕቃውን ብታቀዘቅዘው፣ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብላት አልነበረም? እንደ አረቄ ነዋ!»

ታይቱ ገጹን ገለጠች። አብሳይዋ ማዕበል የጣለውን መቃ ከዳርቻው አንሥታ፣ የማሰሮውን አፍ በጭቃ መርጋ፣ ልክ እናትዋ እንዳሉት ስታደርግ አነበበች።

«ጨው ጨው አይልም?» አሉ ወይዘሮዋ።

«አይልም እናቴ» አለ መምህሩ። «ጨው አይተንም፤ ማሰሮው ሥር ይቀራል። የክረምቱም ዝናብ እንዲሁ ነው። ፀሐይ ውሃውን ከባሕር ታነሣዋለች፣ ጨውን ትታ። በደጃችሁ የሚወርደው ጥሩ ውሃ ከዚያ የመጣ ነው።»

ጨው ሲባል የአያ ገብረ አምላክ ጆሮ ቆመ። «ባሕሩስ ጨውን ከየት አመጣው?»

«ወንዞች ከድንጋዩና ከአፈሩ እያጠቡ ወሰዱለት፣ በብዙ ዘመን። እርስዎ አሞሌ ሲያስጭኑ የኖሩበት ሜዳም ጥንት የባሕር ክንድ ነበር። ከባሕሩ ተቆርጦ ቀረ፣ ፀሐይ አደረቀችው፣ ጨው ቀረ።»

«እኔ በባሕር ወለል ላይ ነው ስመላለስ የኖርሁት?»

«አዎ፣ አባቴ።»

ሽማግሌው እግራቸውን ተመለከቱ። «ዛጎል አይቼ ነበር» አሉ። «ከሜዳው ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ። በዚህ በረሃ ማን አምጥቶ ጣለው እያልሁ ስገረም ነበር። የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ!»

ይህን ሁሉ ስሰማ ደስ ቢለኝም ጭንቀቴ አልለቀቀኝም፤ የመጣንበት ነገር ገና ነበርና። ወይዘሮ ወለተ ሐናም አልረሱትም። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው መምህሩን አተኩረው አዩና «ልጄ በሕይወት አለ ወይ?» አሉ።

ወለተ ገብርኤል አፏን ከፈተች። እኔም ከፈትሁ። ከሁለታችን አፍ የሚወጣው ያው የለመድነው ቃል ነበር። መምህሩ ግን ቀደመን።

«አላውቅም፣ እናቴ» አለ።

አያ ገብረ አምላክ ሊቆጡ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወይዘሮዋ በእጃቸው መለሷቸው።

«እውነት አታውቅም?»

«እውነት አላውቅም። ደህና ነው ብልዎት ዋሽቼ እንደሆነ አያውቁም። ሞቷል የሚልም አልሰማሁም። ሰው ልከን እንጠይቅ።»

ወይዘሮ ወለተ ሐና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ትንሽ ውሃ ስጡኝ አሉ፤ ቀጥሎም ቆሎ ቀመሱ። በኋላ ነው የገባኝ። መርዶ የደበቀ ሰው ሁሉ ደህና ነው ይላል፤ አላውቅም የሚል ግን የለም። እኛ ሁላችን ልናጽናናቸው ስንለፋ ያቃተንን ያ ልጅ እውነቱን በመናገር ብቻ አደረገው።

በዚያ ሳምንት ነጋዴው ዓብዱልቃድር ዕቃ ሊያመጣ ወደ አስመራ ሊሄድ ነበር። ኮረም ድረስ በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና ነው። ወይዘሮዋ አስጠሩት። «ምጽዋ ውረድልኝ። የሰማኸውን ሁሉ፣ ክፉም ቢሆን፣ የመጣህ ዕለት፣ በፀሐይ፣ አንተው ራስህ ንገረኝ። ሽማግሌ አትሰብስብ፤ ጎሕ አትጠብቅ» አሉት።

ዓብዱልቃድር ተጨነቀ። «እንዲህ ያለ ነገር በእኛም ዘንድ አይደረግም፣ እቴ ወለተ ሐና። በምን አንደበቴ?»

«በዚሁ አንደበትህ። የምትደብቀኝ ከሆነ አትሂድልኝ።»

እሺ ብሎ ሄደ። አያ ገብረ አምላክም ታይቱ እሱ እስኪመለስ ትማር፤ ከዚያ በኋላ እንደ ወሬው እንወስናለን አሉ። ወሬው ክፉ ከሆነ ልጅቱ ደሃና እንደምትሄድ ሁላችንም አውቀናል።

ያ ወሬ የመጠበቅ ጊዜ ከባድ ነበር። ታይቱ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን እያመጣች በግቢው ታነባለች፤ የጎረቤት ልጆችና እናቶቻቸው ይሰበሰባሉ። ባሕር በጨረቃ ምክንያት እንደሚሞላና እንደሚጎድል ከተነበበ ወዲህ ወይዘሮ ወለተ ሐና ጨረቃ ሙሉ ሆና ስትወጣ ደጃፍ ቆመው «አሁን በእሱም ዘንድ ባሕሩ ይሞላል» ይላሉ። ፍርሃታቸው አልጠፋም፤ ግን ቀድሞ ባሕር ሲባል ጨለማ ብቻ ይታያቸው የነበሩት ሴት አሁን ነፋሱን፣ አለቱን፣ ዳርቻውን እያሰቡ ነበር የሚፈሩት። ለሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

አያ ገብረ አምላክ ደግሞ አንድ ቀን አሞሌ በጨርቅ ጠቅልለው ትምህርት ቤት ገቡ። መምህሩ ከአሞሌው ቆንጥሮ በውሃ አሟሟው፤ ውሃውን በሰፊ ሳህን ፀሐይ ላይ አሰጣው። ውሃው ደርቆ ጨው ሲቀር ልጆቹ ተንጫጩ። ሽማግሌው የጨው ሜዳው እንዴት እንደሚያቃጥል፣ አሞሌው እንዴት እንደሚቆረጥ ሲነግሯቸው ዋሉ፤ ደወል ተደውሎም አልወጡም። መምህሩም በበኩሉ ተምሯል። ዓርብ ዓርብ የመጽሐፉ ሰዎች ከአደጋ ወጥተው የብስ ካልረገጡ ንባቡን አያቆምም።

ዓብዱልቃድር የተመለሰው በቀትር ነው። ከበቅሎው ወርዶ ብቻውን ሲመጣ ሰው ሁሉ ከየደጁ አየው። ፊቱ ከብዷል። እኔ ከክሊኒኩ እየሮጥሁ ደረስሁ። ወይዘሮ ወለተ ሐና ግቢው መካከል ቆመዋል፤ ታይቱ ቀሚሳቸውን ይዛለች። አያ ገብረ አምላክ የቤቱን ቋሚ ተደግፈዋል።

«ንገረኝ» አሉ ወይዘሮዋ።

«እጁ ተሰብሮ ነበር» አለ ዓብዱልቃድር። «ቀኝ እጁ። የመርከብ ገመድ ጠምዝዞ ሰበረው። ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቷል።»

ታይቱ ፊቷን በእናትዋ ቀሚስ ደበቀች።

«ለምን አልጻፍህም ብዬ ተቆጣሁት። ‹በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ቢደርሳት እናቴ ሞቷል ትላለች፤ እጄ እስኪድን ልታገሥ ብዬ ነው› አለኝ። ሁለት ጣቶቹ ገና በደንብ አይታጠፉም። አብሬው ምሳ በልቻለሁ፤ በግራው ነው የሚጎርስ። በዐይኔ አይቼዋለሁ፣ እቴ ወለተ ሐና። ደህና ነው።»

ወይዘሮ ወለተ ሐና ያን ቃል ሰምተው አመኑት። እልል አላሉም፤ ታይቱን አቅፈው አለቀሱ እንጂ። አያ ገብረ አምላክ ቋሚውን እንደያዙ ቁጭ አሉ።

እኔ በዚያን ቀን የገባኝን እነሆ እላለሁ። ልጅን ታሪክና የባሕርን ጠባይ በልብ ወለድ ማስተማር ልጁን ከማዝናናት አልፎ ለቤት ሁሉ ይተርፋል። አዱሊስን በስም ብቻ የሚያውቅ ፈተና ሲያልፍ ይረሳታል፤ ከጀልባዋ ጋር የተሰበረ ግን ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ ጨው ለምን እንደሚቀር፣ አባቶቹ ባሕር ይሻገሩ እንደነበር ይዞ ያድጋል። መምህር ግን የሚያነብላቸው ልጆች ከየትኛው ቤት እንደመጡ አስቀድሞ ይጠይቅ። ወላጅም የፈራውን መጽሐፍ ከመዝጋቱ በፊት ቁጭ ብሎ ይስማው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሚወዱት ሰው ሐዘንን መደበቅ ደግነት አይደለም፤ የደበቅነው ነገር ደስታውንም እንዳይታመን ያደርገዋልና። እነሆ ልጅየው በሕይወት እያለ፣ እናትየው በሕይወት እያለች፣ ይህን ልማድ ስለፈሩ ብቻ ወራት ሙሉ ተጠፋፉ።

መምህር አሥራተ ሲመጣ አያ ገብረ አምላክ ተነሥተው ተቀበሉት፤ ለወጣት ሲነሡ አይቻቸው አላውቅም። «ታይቱ ደሃና አትሄድም» አሉት። «ጥሩሐረግ ልጅ ማየት ካማራት እሷው ትምጣ።»

ወይዘሮዋ ግን ሌላ ሐሳብ ይዟቸው ነበር። እንባቸውን ጠርገው ታይቱን ወረቀትና ብዕር አምጪ አሏት።

«ለወንድምሽ ጻፊለት» አሉ። «ብትታመም ታምሜያለሁ በል። በራስህ እጅም ይሁን በሰው እጅ ጻፍ። ከእንግዲህ እናምንሃለን በይው።»

ታይቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ መጻፍ ጀመረች። ማንበብ የማይችሉት እናትዋም ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን ቃል ይመለከቱ ነበር።